የአባት ፎቶግራፍ አማና ነው፦ ለፎቶ ስካንና እድሳት የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በራስ እጅ መገጣጠም

ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዓረብ አገራት ኑሮውን ባደረገ ቤተሰብ ዘንድ፣ በሻንጣ ጥግ ወይም በቁም ሣጥን አናት ላይ አንድ ያረጀ ፖስታ አይጠፋም። በውስጡ አያት በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የተነሡት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አባት ለሐጅ ሲጓዙ በኢሕራም ልብስ የተነሡት ምስል፣ የእኅት የኒካሕ ዕለት ማስታወሻ፣ በዒድ ማለዳ ነጭ ለብሰው የተሰለፉ ልጆች ባለቀለም ፎቶ ይገኛሉ። ባለቀለሞቹ እየቀሉ፣ ጥቁርና ነጮቹ እየወየቡ ሄደዋል። በምስሎቹ ላይ ከሚታዩት ሰዎች ብዙዎቹም ወደ አኺራ አልፈዋል።

ለዚህ ክልል ፎቶግራፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ግብፃዊው የጦር መኮንን ሙሐመድ ሳዲቅ በ1861 የመዲናን፣ በ1880 ደግሞ የመካን ምስል አንሥቷል። እነዚያ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ሊታዩ የቻሉት በሙዚየሞችና በቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው። የአንድ ተራ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ሙዚየም የለውም። ጠባቂው ፖስታውን የያዘው ልጅ ብቻ ነው።

የባለቀለም ፎቶግራፍ ጉዳት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ቀለሙ የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች በብርሃንና በሙቀት ይፈርሳሉ፤ በጨለማ ውስጥ ቢቀመጡም እንኳ መፍረሳቸው ቢዘገይ እንጂ አይቀርም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በአንጻሩ ምስሉን የሚሸከመው ከብር በተሠራ ቅንጣት በመሆኑ፣ በሚገባ ከታጠበና ከእርጥበት ከተጠበቀ ረጅም ዘመን ይኖራል። ማጣበቂያ የተቀባ ገጽ ያላቸው አልበሞች ደግሞ ፎቶውን የጠበቁ እየመሰሉ ጀርባውን ይበላሉ። የባሕረ ሰላጤውን የበጋ ሙቀት የቀመሰ ሰው፣ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው መጋዘን የተጣለ ሻንጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አያጣውም።

ለምን በቤት ውስጥ?

ፎቶውን ወደ ፎቶ ቤት ወስዶ ማስቀዳት ቀላል መንገድ ይመስላል። ሆኖም በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የእናትና የእኅት፣ ያለ ሒጃብ በቤት ውስጥ የተነሡ ምስሎች ለባዕድ ዓይን የሚሰጡ አይደሉም። ወደ ሱቅ የሄደ ፎቶ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ቅጂው አይቀርም ብሎ መተማመኛ የሚሰጥ የለም። በኢንተርኔት ወደሚሠሩ የፎቶ ማደሻ አገልግሎቶች የተላከ ምስልም እንዲሁ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ስለዚህ ሥራውን በቤት መሥራት ወጪን የመቆጠብ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን ክብር የመጠበቅም ጉዳይ ነው።

በስልክ ማንሣት ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ነጸብራቅ ይፈጥራል፣ ጠርዙን ያጣምማል። ስካነር ግን በምስሉ ገጽ ላይ እኩል ብርሃን ያፈሳል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚመረጠውም ሰፊ ሞኒተር ስለሚቀበል፣ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ስለሚይዝና አንድ ክፍል ሲበላሽ ያው ክፍል ብቻ ስለሚቀየር ነው።

ስሌቱ ከፎቶው ይጀምራል

ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ ሱቅ ገብተው ሻጩ የሚያሳያቸውን ይገዛሉ። በሪያድ ዑለያ የኮምፒውተር ገበያም ሆነ በዱባይ ኻሊድ ኢብን አል ወሊድ ጎዳና፣ በመደርደሪያው ፊት ለፊት የሚያበሩት ለጨዋታ የተሠሩ ውድ ዕቃዎች ናቸው። ለፎቶ ሥራ የሚያስፈልገውን የሚወስነው ግን የፎቶው መጠን ነው።

4 በ6 ኢንች የሆነ የተለመደ ፎቶ በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ኢንች 600 ነጥብ ሲነበብ፣ 2400 በ3600 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ወደ 8.6 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም 16 ቢት ተመድቦ ሳይታመቅ ቢቀመጥ አንዱ ምስል ወደ 52 ሜጋባይት ይይዛል። 1000 ፎቶ ያለው ቤተሰብ 52 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይበቃዋል ማለት ነው። ንባቡ ወደ 1200 ዲፒአይ ከፍ ቢል መጠኑ አራት እጥፍ ያድጋል፤ የወረቀት ፎቶ ግን ከ600 ባሻገር የሚጨምረው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ከፍተኛ ንባብ የሚያስፈልገው ለኔጋቲቭ ነው። የ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ በ3200 ዲፒአይ ሲነበብ ወደ 13.7 ሚሊዮን ነጥብ ይሰጣል።

ከዚህ ስሌት በመነሣት መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ5 ወይም የኤኤምዲ ራይዘን 5 ዓይነት፣ ለሥራው በቂ ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር በውስጡ የምስል ማሳያ ክፍል የለውም፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ያላሰበ ሰው ይህን አይቶ ይግዛ። ራም 16 ጊጋባይት ያሠራል፣ 32 ግን ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ያመቻል። ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም የሚቀበል መሆን አለበት፤ የኤኤምዲ ኤኤም5 መቀበያ ዲዲአር5 ራም ብቻ እንጂ ዲዲአር4 አይወስድም። ሲስተሙና በመሠራት ላይ ያሉት ፎቶዎች 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀው ሥራ ደግሞ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው።

በርካሽ መግዛት የማይገባው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን 500 ዋት ያህል ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን ጥራቱ የታወቀ ይሁን። አንዳንድ ርካሽ ዓይነቶች በጀርባቸው 115 እና 230 ቮልት የሚመርጥ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ 127 ቮልት የሚሰጥ ሶኬት ሊያጋጥም ይችላል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ማብሪያውን በ115 ላይ እንዳለ ትቶ ኮምፒውተሩን አገር ቤት የሰካ ሰው ገና ሲያበራው ያቃጥለዋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ የሚቀበለውን መምረጥ ከዚህ ያድናል።

ከኮምፒውተሩ ቀጥሎ የሚመጣው ሞኒተር ነው። አይፒኤስ ገጽ ያለውና የኤስአርጂቢን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቢመረጥ፣ የሰው ፊት ቀለም ከአንግል ወደ አንግል አይለዋወጥም። በስካነር በኩል ቀጫጭኖቹ ብዙውን ጊዜ ሲአይኤስ የሚባለውን ንባብ ይጠቀማሉ፤ ከመስተዋቱ ትንሽ ከፍ ያለ ወይም የተጠቀለለ ፎቶ ያደበዝዛሉ። ሲሲዲ ያላቸው ወፈር ይላሉ፣ ግን የተጣመመን ፎቶ በተሻለ ያነባሉ። ኔጋቲቭ ያለው ሰው ክዳኑ ላይ መብራት ያለውን፣ እንደ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ያለውን ይፈልግ።

የመገጣጠሙ ቅደም ተከተል

መገጣጠሙ ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ ትዕግሥትና አንድ ባለመስቀል ጠመንጃ መፍቻ ይበቁታል። በደረቅ አየር የሚፈጠረው የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃ ሊገድል ስለሚችል፣ ሥራው ከምንጣፍ ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ፣ የኬዙን ብረት ደጋግሞ በመንካት ይሠራል።

መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ከኬዙ ውጭ ተዘርግቶ ፕሮሰሰሩ ይቀመጣል። በማዕዘኑ ላይ ያለው ትንሽ ምልክት ከመቀበያው ምልክት ጋር ሲገጥም በራሱ ክብደት ይገባል፤ መጫን ካስፈለገ አቀማመጡ ስሕተት ነው። ቀጥሎ ኤስኤስዲውና ራሙ ይገባሉ፤ ራሙ በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ይጫናል። በፕሮሰሰሩ ላይ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ተደርጋ ማቀዝቀዣው ይታሰራል። ከማቀዝቀዣው ጋር ቅባቱ ተቀብቶ ከመጣ መጨመር አያስፈልግም። ከዚያ በኬዙ ውስጥ ማዘርቦርዱን ከብረቱ የሚለዩት ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች በየቀዳዳቸው መኖራቸው ተረጋግጦ ቦርዱ ይታሰራል። በመጨረሻ ሁለቱ የኃይል ገመዶች፣ ሰፊው ባለ24 እግርና ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ8 እግር፣ ይሰካሉ። ብዙ ጀማሪ የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሲበራ ምስል ካልመጣ ተስፋ አይቆረጥም። ኃይሉ ተነቅሎ ራሙ ወጥቶ ዳግም በደንብ ቢጫን ብዙ ጊዜ ችግሩ ይፈታል። የዚህ ክልል አቧራ ልዩ ጠላት ስለሆነ ማጣሪያ ወንፊት ያለው ኬዝ ይመረጥ፤ በየጥቂት ወሩም ይጽዳ።

እድሳት ወይስ ፈጠራ?

ፎቶው ከመነበቡ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ መስተዋቱም እንዲሁ። መጀመሪያ የተነበበው ምስል በቲፍ ቅርጽ ተቀምጦ ከቶ አይነካም። እድሳቱ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ጄፔግ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ጥቂት ስለሚጥል ለዘመድ ለመላክ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም። አንዳንድ ስካነሮች አቧራና ጭረትን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይተው ያጠፋሉ፤ ይህ ለባለቀለም ኔጋቲቭ እጅግ ይረዳል፣ ለተለመደው ባለብር ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አይሠራም።

ለማረሚያ የተሰረቀ ሶፍትዌር መጫን ለብዙዎች የተለመደ ሆኗል። የሌላውን ሰው ሥራ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ግን በሸሪዓም በሕግም የሚያስጠይቅ ነው፤ በዚህ መንገድ የተገኘ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ መምጣቱም አያስገርምም። ጂምፕና ዳርክቴብል በነጻና በፈቃድ የሚገኙ ናቸው፤ የደበዘዘ ቀለም ለመመለስ፣ ጭረት ለመሙላትና የተቀደደ ጠርዝ ለመጠገን ይበቃሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ማደሻዎች የደበዘዘን ፊት በቅጽበት ጥርት ያደርጋሉ፤ ነገር ግን በፎቶው ላይ ያልነበረውን ዓይንና ከንፈር በግምት ይሞላሉ። የተገኘው ፊት ያማረ ይሆናል፤ የአባት ፊት መሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው። አባቱን ያላየ የልጅ ልጅ ያንን ግምት እውነት ብሎ ይይዛል። ጭረትን መሙላትና ፊትን መፍጠር ስለሚለያዩ፣ እንዲህ ያለ ቅጂ የሠራ ሰው በፋይሉ ስም ላይ ይህንኑ ቢጽፍ አማናውን ጠበቀ ይባላል።

ከጠፋ በኋላ አይመለስም

ሃርድ ዲስክ ይሞታል፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። ስለሆነም በሙያው የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። በስደት ለሚኖር ሰው ሦስተኛው ቅጂ አገር ቤት ካለ ወንድም ወይም እኅት ዘንድ ቢቀመጥ ደንቡም ይሟላል፣ ዝምድናም ይቀጥላል።

የፎቶው ጀርባም እንደ ፊቱ ይነበብ። በእጅ የተጻፈ «1975 ዓ.ም» በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1982 ወይም 1983፣ በሒጅራ 1402 ወይም 1403 ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ካልተገለጸ፣ ነገ የሚያነበው ልጅ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ከዕቃ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በፎቶው ውስጥ በስተግራ የቆሙት አዛውንት ማን እንደሆኑ የሚያውቁት አክስት ምናልባት ዛሬም በሕይወት አሉ። ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ወር ሊገዛ ይችላል፤ ለአክስት ግን ዛሬ ማታ ይደወል፣ የሚሉትም ይጻፍ።