አውሮፕላን በመብረቅ ሲመታ ምን ይሆናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ እየበረርኩ ነበር። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት ጀምሯል፤ በመስኮቱ ከጠቆረ ደመና በቀር የሚታይ ነገር የለም። ድንገት በግራ ክንፍ በኩል ነጭ ብርሃን ቦግ አለ፤ ወዲያውም መድፍ አጠገባችን የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ “ያ አላህ!” ሲሉ ከጎኔ ያለችው ወጣት አማተበች። ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። መብራቱ አንዴ ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ ሞተሩም ድምፁን አልቀየረም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጎማው የኮምቦልቻን መሬት ነካ።

ስንወርድ አንድ ቴክኒሻን የእጅ ባትሪ ይዞ አውሮፕላኑን መዞር ጀምሮ ነበር። ከአፍንጫው አጠገብ የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ነጥብ ለባልደረባው በጣቱ ሲያሳየው አየሁ። በዚያው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ የተዘጋጁት መንገደኞች ግን ፍተሻው እስኪያልቅ ጠብቁ ተብለው ያጉረመርማሉ። “በሰላም አርፎ የለም እንዴ? ምኑ ነው የሚፈተሸው?” አሉ አንዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ፣ አክስቴ ቤት ስደርስ ቡና ተፈልቷል። የሆነውን እንደ ቀልድ አወራሁ። አክስቴ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ በጥር ልትመጣ ቀን ቆርጣለች። ሲኒውን አስቀመጡና “አንተ ልጅ፣ ያኔ ከቤይሩት የተነሣውን አውሮፕላን የጣለው መብረቅ ነው ሲባል አልነበር? ታዲያ ልጄ በምን ልትመጣ ነው?” አሉኝ። ተምሬያለሁ የምለው ሰውዬ “አይዞዎት” ከማለት በቀር የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ አንብቤ ለአክስቴ ያስረዳሁት ነው።

ለመሆኑ መብረቅ አውሮፕላንን እንዴት ያገኘዋል? የክረምት ከሰዓት በኋላ በጦሳ ተራራ ላይ እንደ ግንብ ሽቅብ የሚቆለለውን ደመና የደሴ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ደመና ሆድ ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች በኃይለኛ ነፋስ እየተገፉ ይጋጫሉ፤ በግጭቱም የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል። ፖዘቲቩ ወደ ላይ፣ ኔጋቲቩ ወደ ታች ይከማቻል። ልዩነቱ ከልክ ሲያልፍ አየሩ ተሰንጥቆ ብልጭታው ይፈጠራል።

አውሮፕላን በዚህ መሐል ሲያልፍ ደግሞ መብረቁን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። የአፍንጫው፣ የክንፉና የጅራቱ ጫፎች የኤሌክትሪክ መስኩን ወደ ራሳቸው ስለሚሰበስቡ ብልጭታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። አውሮፕላን ላይ ከሚያርፉ መብረቆች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በዚህ መንገድ የሚቀሰቀሱ ናቸው። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል በመብረቅ ይመታል። አብዛኛው የሚደርሰውም ሲነሣና ለማረፍ ሲወርድ፣ በደመና ውስጥ ሲያልፍ ነው። በነሐሴ ወደ ኮምቦልቻ ሸለቆ መውረድ እንግዲህ ለዚህ የተመቸ ነው።

ኃይሉ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የተለመደ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደማብራት ማለት ነው። ብርቱው እስከ 200,000 አምፔር ይደርሳል። የሚቆየው ግን ለሰከንድ ሽራፊ ነው።

ታዲያ ውስጥ ያለው ሰው ለምን አይነካም? መልሱን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1836 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይቷል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ዙሪያውን በከበበው ክፍል ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በውጪው ገጽ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የአብዛኛው አውሮፕላን ገላ አሉሚኒየም ስለሆነ መብረቁ በአንዱ ጫፍ ገብቶ፣ በውጪው ቆዳ ተንሸራቶ፣ በሌላው ጫፍ ወጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። አውሮፕላኑ ወደፊት እየበረረ ስለሆነም ብልጭታው ገላውን እየዘለለ ይነካዋል፤ በየነካበትም ትንንሽ የተቃጠሉ ነጥቦች ይተዋል። ኮምቦልቻ ላይ ያየኋት ጥቁር ነጥብ ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

የአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ነገር ትንሽ ይለያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ የተሠራው ከካርቦን ፋይበር ድብልቅ ነው። ይህ እንደ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከቀለሙ ሥር ስስ የብረት መረብ ይዘረጋበታል። ራዳሩን የሚሸፍነው የአፍንጫው ጫፍም ራዳሩ እንዲያይ ከብረት ስለማይሠራ፣ መብረቁን ወደ ገላው የሚመሩ የብረት መስመሮች ይለጠፉበታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በነፃ የተገኘ አይደለም። ታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. የፓን አሜሪካን ቦይንግ 707 አውሮፕላን በአሜሪካ ሜሪላንድ ሰማይ ላይ ሳለ መብረቅ በክንፉ ጋን ውስጥ ያለውን የነዳጅ ትነት አቀጣጠለው፤ የተሳፈሩት 81 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ በኋላ የነዳጅ ጋኖች፣ ክዳኖቻቸውና መተንፈሻዎቻቸው ብልጭታ እንዳይፈጥሩ ሕጉ ጠበቀ። በ1971 እ.ኤ.አ. በፔሩ አንድ አውሮፕላን ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ገብቶ በመብረቅ ከተመታ በኋላ ተበታትኖ 91 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈችው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ብቻ ናት። በ1980ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ናሳ አንድ ጄት ሆን ብሎ ወደ ነጎድጓድ እየላከ አጠና። አውሮፕላኑ ከ700 ጊዜ በላይ ተመትቶ በየጊዜው በሰላም ተመልሷል።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409፣ ቦይንግ 737-800፣ በነጎድጓድ ሌሊት ከቤይሩት ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች አልተረፉም። መብረቅ ነው የሚለው ወሬ የተነሣው ያኔውኑ ነው። የሊባኖስ መርማሪዎች በጥር 2004 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ምክንያቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን በአግባቡ ባለመምራታቸው አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጣ አሉ። አየር መንገዱ ግን ሪፖርቱን አልተቀበለም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ በፍንዳታ ተበታትኗል፣ ለዚህም ተተኩሶበት፣ አሻጥር ተሠርቶበት ወይም በመብረቅ ተመትቶ ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ቀሩ። ለአክስቴ “መብረቅ አልነበረም” ብዬ መማል አልቻልኩም። ያልኳቸው፣ በየዓመቱ ከሚመቱት በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በሰላም እንደሚያርፉ ነው። ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት ደግሞ ሌሊቱ የነጎድጓድ ሌሊት እንደነበር ነው።

ዋናው ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ብልጭታውን አውሮፕላኑ እንዲችለው ሆኖ ተሠርቷል፤ የሚያስፈራው ብልጭታውን የወለደው ደመና ነው። በውስጡ ክንፍ የሚያናውጥ ነፋስ፣ መስኮት የሚሰነጥቅ በረዶ፣ ለማረፍ የተቃረበን አውሮፕላን ወደ መሬት የሚደፍቅ ቁልቁል ነፋስ አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. በዳላስ 137 ሰዎች የሞቱት እንዲህ ባለ ቁልቁል ነፋስ ነው። ስለዚህ አብራሪ ከኃይለኛ ነጎድጓድ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንዲያልፍ ይመከራል። መዞር ካልቻለ ይጠብቃል፣ ወይም ወደተነሣበት ይመለሳል።

ኮምቦልቻ ላይ ያጉረመረሙት መንገደኞች ጥያቄም መልስ አለው። የተመታ አውሮፕላን ዳግም ከመነሣቱ በፊት ገላው ላይ ቀዳዳ እንዳልተፈጠረ፣ ሪቬቶቹ እንዳልላሉ፣ አንቴናዎቹ እንዳልተቃጠሉ፣ ኮምፓሱ እንዳልተዛባ ይታያል። በሰላም አረፈ ማለት ለሚቀጥለው በረራ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጥር ደረሰ። የአክስቴ ልጅ ከቤይሩት ደወለች፤ ማዕበል ስላለ በረራው ለሰዓታት ዘግይቷል። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አክስቴ ይደነግጣሉ ብዬ ሰጋሁ። ስልኩን ተቀበሉኝና “ልጄ፣ ተረጋጊ” አሏት። “ደመናው እስኪያልፍ ይቆዩ። እኔ እጠብቅሻለሁ።”