ዝም ያለው የመልሕቅ ማንሻ

የሐዋሳ ሐይቅ በጧት እንደ መስተዋት ረግቶ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጀልባን የሚያንገላታ ማዕበል ያወጣል። ዓሣ አጥማጅ ትንሽ ታንኳውን ሊያቆም ቢወድ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ይበቃዋል፤ ከባድ ጀልባ ግን የብረት መልሕቅና ረጅም ሰንሰለት ያሻዋል። የሐይቁ ጥልቁ ስፍራ 22 ሜትር ያህል ነው፤ የሚለቀቀው ሰንሰለት ደግሞ እንደ ልማዱ ከውሃው ጥልቀት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ በክንድ መሳብ እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህም በአንዳንድ ጀልባ ፊት ላይ በኤሌክትሪክ የሚዞር የመልሕቅ ማንሻ መኪና ይተከላል።

አንድ ወዳጃችን ከባሕር ማዶ የመጣ አሮጌ ጀልባ አላቸው። በአንድ እሑድ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ እኛንም ጋብዘው በሐይቁ ላይ ሳለን ነፋሱ ተነሣ። ወደ ዳር ልንመለስ ብለው ማብሪያውን ቢጫኑት፣ መኪናው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ጀልባው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ ልጆቹም ሲያለቅሱ፣ ሁለታችን ሰንሰለቱን በእጃችን ሳብን፤ መልሕቁ የወጣው የወዳጃችን መዳፍ ከተላጠ በኋላ ነበር።

በማግሥቱ ወዳጃችን «ይህ አሮጌ ብረት ተነቅሎ ይጣል» ሲሉ ቈረጡ። ነገር ግን የአውቶሞቢል ሞቶሪኖ በማደስ የሚተዳደር አንድ ወጣት መካኒክ መጥቶ ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሞቶሩ አልሞተም፤ ተርቦ ነው» አላቸው። እኛም ነገሩ ደንቆን ሥራውን ቆመን ተመለከትን።

አስቀድሞ ሁላችንንም አራቀ፤ ሞቶሩ ሰንሰለቱን ለመሳብ ሲታገልም ኃይሉን ለካ። በባትሪው ዘንድ 12 ቮልት ሲገኝ፣ ከሞቶሩ ዘንድ የደረሰው 8 ብቻ ሆነ። የቀረው 4 ቮልት በመንገድ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ሞቶር ሥራ ሲከብደው እስከ 100 አምፔር ድረስ ይስባልና፣ በመንገዱ ላይ የ0.04 ኦም ትንሽ መሰናክል ቢኖር እንኳ 4 ቮልት ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱን በጽኑ ገመድ አሰረ፤ የባትሪውንም ሽቦ ፈታ። ውሃ የገባበት ማብሪያ መኪናውን ሳይታሰብ አስነሥቶ የሠራተኛን ጣት ሊያስበላ ይችላልና።

ወፍራሙን ሽቦ ተከትሎ ቢሄድ፣ ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶት አገኘ። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቈርጦ፣ አዲስ ማሰሪያ አጥብቆ ውሃ እንዳይገባው ሸፈነው። ቀጥሎ ሞቶሩን ሊከፍት ሲል፣ የብረቱ ብሎኖች ከአሉሚኒየሙ ገላ ጋር ተጣብቀው አልላቀቅ አሉት። እርሱ ግን በመዶሻ አልተቈጣቸውም፤ ዘይት አጠጥቶ አሳደራቸው፣ በማግሥቱም ጥቂት አሙቆ ፈታቸው። በውስጡ ያሉት ካርቦኖች አልቀው ነበርና ለወጣቸው፤ የሚነኩትንም የመዳብ ቀለበት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረገ። የጥርሶቹ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ስለ ነበር ውሃ መግባቱ ታወቀ፤ ዘይቱንና ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበትም ለወጠ።

ሥራውን ሲፈጽም ለወዳጃችን እንዲህ ሲል መከራቸው፦ መልሕቅ ሲነሣ የጀልባው ሞቶር ይሥራ፣ ባትሪውን ይመግበዋልና። ጀልባውም ወደ መልሕቁ በዝግታ ይቅረብ፤ ማንሻው ሰንሰለት ሊያነሣ እንጂ ጀልባ ሊጎትት አልተሠራም። ጀልባው በቆመ ጊዜም የሰንሰለቱ ጭነት በሌላ ጽኑ ማሰሪያ ላይ ይዋል። መኪናው ያለ ሥራ ወራት አይቀመጥ። በሚዞርበት ጊዜ ደግሞ የልጅ እጅም ሆነ የነጠላ ጫፍ አይቅረበው።

በሚቀጥለው እሑድ መልሕቁ ያለ ጭንቅ ወጣ። የወዳጃችን ባለቤት ግን ያለፈውን አልረሱምና፣ ኃይሉን የሚቈርጠው ማጥፊያ የት እንዳለ ጠይቀው ተረዱ፤ ከዚያ ወዲህ መልሕቅ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ ልጆቹን ከኋላቸው አስቀምጠው በማጥፊያው አጠገብ የሚቆሙት እርሳቸው ናቸው። ወዳጃችንም የተቈረጠውን የሽቦ ጫፍ አልጣሉትም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለዚህች ስል መኪናውን ልጥል ነበር» እያሉ ያሳያሉ።