ለፕሮጀክት ሰዓት ልትሠሩ ነው? ባትሪ አያስፈልግም!

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ስለ ጊዜ ፕሮጀክት ሥሩ ከተባላችሁ የጥላ ሰዓት ሞክሩ እንላለን። ደልዳላ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት በየሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጡ፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደግሞ በየ5 ደቂቃው።

ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ እንደ ወሩ ከፍና ዝቅ ቢልም በአማካይ 6፡25 አካባቢ ነው። ለምን?

የስልካችን ሰዓት የሚቆጥረው በሶማሌ ክልል በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር ነው። እኛ ያለነው ግን ወደ ምዕራብ፣ 38.7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ 6.3 ሲባዛ በ4፣ 25 ደቂቃ!

መምህራችሁ «ሰዓታችሁ ዘገየ» ካሉ ይህንን ስሌት አሳዩአቸው።