ደም ሥር ሲጠብ ማስተዋል ይደበዝዛል

አንድ አዛውንት እናስብ። ለብዙ ዓመታት የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ሆነው የኖሩ፣ የእያንዳንዱን አባል መዋጮ መዝገብ ሳያዩ በቃላቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ቤተሰቡ «ነፋስ መታቸው» አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጃቸው ቢመለስም የሂሳብ ችሎታቸው አልተመለሰም። ዝርዝር ገንዘብ መቁጠርና የጀመሩትን ነገር በቅደም ተከተል መጨረስ ተሳናቸው። በዓመቱ ሕመሙ ደገማቸውና በገዛ ሰፈራቸው መንገድ ጠፋቸው። ጎረቤቱም «ጃጁ» አለ፤ ሐኪም ዘንድ የወሰዳቸው ግን አልነበረም።

እንዲህ ያለው ታሪክ በየሰፈሩ የሚታወቅ ነው። ሆኖም እርጅና ብቻውን ይህን አያደርስም። በአዛውንቱ ላይ የደረሰው ቫስኩላር ዲሜንሺያ ይባላል፤ የአንጎል ደም ሥሮች በመጎዳታቸው ምክንያት የሚከተል የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መዳከም ነው። በዓለም ላይ ከአልዛይመር በሽታ ቀጥሎ በብዛት የሚታይ የዲሜንሺያ ዓይነት ሲሆን፣ አብዛኞቹ መንስኤዎቹ አስቀድመው ሊለኩና ሊገቱ የሚችሉ ናቸው።

የአንጎል ቀለብ

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ሰውነታችን ዕረፍት ላይ እያለ ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን የለውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም በየደቂቃው ለእያንዳንዱ 100 ግራም የአንጎል ክፍል 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሊደርሰው ይገባል። ይህ መጠን ከ20 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ የነርቭ ሴሎች የኤሌክትሪክ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ከ10 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ።

የፕዋዜይ ሕግ

የደም ሥር መጥበብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት ከፊዚክስ አንድ ሕግ እንዋስ። ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ዣን ሊዮናር ማሪ ፕዋዜይ እ.ኤ.አ. በ1828 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የእንስሳትን የደም ግፊት በሜርኩሪ መለኪያ መዝኗል። ዛሬም ሐኪሞች የደም ግፊትን የሚገልጹት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ፕዋዜይ በኋላ በቀጫጭን የመስታወት ቧንቧዎች ባደረገው ምርምር አንድ አስደናቂ ነገር አገኘ። የግፊቱ ልዩነት፣ የቧንቧው ርዝመትና የፈሳሹ ዝልግልግነት ካልተለወጡ፣ በቧንቧው የሚያልፈው የፈሳሽ መጠን ከሬዲየሱ አራተኛ ፓወር ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው።

ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ሬዲየሱ በ10 በመቶ ሲጠብ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ 0.9×0.9×0.9×0.9፣ ማለትም ወደ 0.66 ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛው ቀነሰ ማለት ነው። ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይሆናል።

እርግጥ ደም ውኃ አይደለም፤ ደም ሥርም የመስታወት ቧንቧ አይደለም። ጤናማ የሆነ የአንጎል ደም ቅዳ ግፊት ሲወርድ ራሱን ያሰፋል፣ ግፊት ሲጨምር ራሱን ያጠባል፤ በዚህም የደሙን ፍሰት ሚዛኑን ጠብቆ ያቆየዋል። ለረጅም ዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት የሚያበላሸው ይህንኑ ችሎታ ነው። በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያሉት ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መተላለፊያቸውም ይጠብባል። እነዚህ ደም ቅዳዎች የሚመግቡት ልዩ ልዩ የአንጎል ክፍሎችን እርስ በርስ የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች ነው። ስለዚህ በብዙ ሕሙማን ላይ ከመርሳት አስቀድሞ የሐሳብ መዘግየትና ነገርን አቅዶ መሥራት አለመቻል ይታያል።

መንስኤዎችና አጋላጭ ሁኔታዎች

ጉዳቱ በተለያየ መንገድ ይደርሳል። ትልቅ ደም ቅዳ በረጋ ደም ተዘግቶ ስትሮክ ሲከሰት፣ ጥቃቅኖቹ አንድ በአንድ ሕመምተኛው ሳያውቀው ሲደፈኑ፣ ወይም ደም ሥር ተቀዶ ደም ሲፈስ አንጎል ይጎዳል። በተደጋጋሚ ስትሮክ የመጣው ዲሜንሺያ እንደ ደረጃ ነው፤ ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ጥቂት ይረጋል፣ ከዚያም እንደገና ይወርዳል።

ከአጋላጮቹ ቀዳሚው የደም ግፊት ነው። የስኳር በሽታ፣ የኮሌስትሮል መብዛት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስና የልብ ምት መዛባትም ይከተላሉ። በአገራችን ወጣቶችን ሳይቀር የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ በሽታ ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ በማድረግ ለስትሮክ ሊያጋልጥ ይችላል።

ሕክምናው

የሞቱ የነርቭ ሴሎችን የሚያስነሳ መድኃኒት የለም። ለአልዛይመር የሚታዘዙ እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች የሚሰጡት ጥቅም መጠነኛ ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዋና ዓላማ ቀጣዩን ጉዳት መከላከል ነው። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሲጋራ ማቆም፣ ጨው መቀነስ፣ እንዲሁም ሐኪም ሲያዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል። ስትሮክ ደም በመፍሰስ ጭምር ስለሚመጣ፣ ምንነቱ በሲቲ ስካን ሳይለይ አስፕሪን መስጠት አደጋ አለው።

በአሜሪካ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ስፕሪንት የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አሳውቋል። የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች፣ ግባቸው ከ140 በታች ከነበረው ይልቅ ለቀላል የማሰብ ችሎታ መዳከም የመጋለጥ ዕድላቸው በ19 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በዲሜንሺያ ረገድ የታየው ቅናሽ ግን ከአጋጣሚ ሊለይ የሚችል አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ተገቢውን ግብ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። ብዙዎች ያልተመረመሩትም፣ የጀመሩትን መድኃኒት «ዳንኩ» ብለው የሚያቋርጡትም በዚህ የተነሣ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በቤታችሁ ያሉ ወላጆችና አያቶች ግፊታቸውን የተለኩት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ካያችሁም ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ዘንድ ደርሰው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ሕመም ለመከላከል ዕድል ይገኝ ነበር።