ከፈትዋ የሚቀድም ጥያቄ፦ ኦክስጅን የማይለየው ሕመምተኛ፣ መስጊድና ጉዞ

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት አንድ ሐዲሥ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ ከመካከላቸው አንዱን ድንጋይ መትቶ ራሱን ፈነከተው። ከዚያም በእንቅልፉ ትጥበትን ግዴታ የሚያደርግ ነገር አጋጠመውና በተየሙም መብቃቃት ይችል እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነርሱም ውኃ እስካለ ድረስ ሩኽሷ አናገኝልህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነገሩ ሲነገራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈራጆቹን ለሰውየው ሞት ተጠያቂ አድርገው በብርቱ ገሠጿቸው፤ ያላወቁትን መጠየቅ ይገባቸው እንደነበርም አስረዱ። በሐዲሡ ሰነድ ላይ ዑለማእ ቢነጋገሩም፣ የሕመምተኛን ሁኔታ ሳይመረምሩ ፈትዋ መስጠት ነፍስ እንደሚያጠፋ የሚያስተምረው ቁም ነገር ግን የማያከራክር ነው።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ጠያቂ ወደ ኢማሞች ይመጣል። ሳንባው የተጎዳና ቤቱ ውስጥ ሌት ተቀን በአፍንጫው ቱቦ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው «ጁሙዓ ልምጣን? ለልጄ ኒካሕ ወደ ሌላ ከተማ ልሂድን? ዑምራስ?» ይላል። ሁለት የችኮላ መልሶች ይሰጡታል። አንደኛው «ዑዝር አለህና ከቤትህ አትውጣ» የሚል ሲሆን፣ በርኅራኄ ስም ሰውን ለዓመታት ከጀማዓ ይለያል። ሁለተኛው «በአላህ ተመክተህ ውጣ» የሚል ሲሆን፣ ሰበብ ማድረስን ከተወኩል ይነጥላል። ሁለቱም መልስ ሰጪዎች «በደቂቃ ስንት ሊትር ትወስዳለህ?» ብለው አልጠየቁም።

የሊትሩ ስሌት

በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ ሰውና 10 ሊትር የሚወስድ ሰው በመንገድ ላይ አንድ አይደሉም። ውስጡ 10 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 1,500 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይኖረዋል። ይህ ለመጀመሪያው ሰው ከ12 ሰዓት በላይ ሲበቃው፣ ለሁለተኛው ግን የ2 ሰዓት ተኩል ነው። ሩቡ ለመጠባበቂያ ከተያዘለት ከ2 ሰዓት በታች ይቀረዋል። የደርሶ መልሱ መንገድ፣ ኹጥባውና ሶላቱ ሲደመሩ ይህን ጊዜ በቀላሉ ሊጨርሱት ይችላሉ።

በትከሻ የሚንጠለጠሉት ባለ ባትሪ ማሽኖች አብዛኞቹ ኦክስጅን የሚለቁት ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ የሚለቁትም በደቂቃ ከ3 ሊትር እምብዛም አያልፉም። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ትልቁ ማሽን በደቂቃ እስከ 10 ሊትር ሊሰጥ ቢችልም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ስለዚህ አንዱ ሕመምተኛ ትንሽ ማሽን አንግቶ መምጣቱ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። መጠኑን የሚወስነውም ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ እንዲቆይ ብሎ ፍሰቱን በራስ መቀነስ አይገባም።

ሩኽሷ የሚያነሳው ግዴታን ነው

የታመመ ሰው የጁሙዓ ግዴታ የለበትም፤ ከመጣና ከሰገደ ግን ሶላቱ ትክክል ነው፣ ከዙህርም ያብቃቃዋል። ሩኽሷው ግዴታውን ያነሳለታል እንጂ የመምጣት መብቱን አይነፍገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ቀለል ሲላቸው በሁለት ሰዎች ተደግፈው፣ እግሮቻቸው መሬት እየጫሩ ወደ መስጊድ እንደወጡና ተቀምጠው እንደሰገዱ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። ሙስሊም ከኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) በዘገቡትም፣ ሕመምተኛ ሰው በሁለት ሰዎች መካከል ተደግፎ ሶፍ ውስጥ እንዲቆም ይደረግ ነበር። ዛሬ ሲሊንደሩን የሚገፋለት ጎረቤት የእነዚያን ደጋፊዎች ሥራ እየሠራ ነው።

ቱቦው ሶላትን አያበላሽም። ሰው እንዳያየው አፍሮ ወይም ሶላቱ የተሟላ እንዲሆን አስቦ ቱቦውን የሚነቅል ሰው ካለ፣ ይህ የአላህን ፍራቻ እንዳልሆነ ኢማሙ በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ቡኻሪ ከዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) በዘገቡት መሠረት መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል። ሲያጎነብስ ትንፋሹ የሚቆረጥበት ሰው ለሩኩዕና ለሡጁድ በራሱ ያመለክታል፤ የሡጁዱን ዝቅ ያደርገዋል። በውዱእ ጊዜ ቱቦው ያረፈበት ቆዳ ውኃ እንዲያገኘው ቱቦውን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ይበቃል። አፍንጫ ውስጥ ውኃ ማስገባት በሻፊዒ፣ በሐነፊና በማሊኪ መዝሀብ ሱና ሲሆን፣ ግዴታ በሆነበት በሐንበሊ መዝሀብም ጉዳት ሲያስከትል ግዴታው ይነሳል። በረመዷን ለሚወጣም ሰው፣ ኦክስጅን ጾምን እንደማያፈርስ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ወስኗል።

የመስጊዱ ድርሻ

ኦክስጅን በራሱ አይነድም፤ ሌላው ነገር በፍጥነትና በኃይል እንዲነድ ግን ያደርጋል። ስለዚህ የዕጣንና የዑድ ማጨሻ፣ ፍምና ሻማ ከሕመምተኛው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፤ በጁሙዓ ቀን ጨርሶ ቢቀሩ ይሻላል። ቅባትና ዘይት የነካው እጅ የሲሊንደሩን መክፈቻ አይንካ። ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ተደግፎ ይታሰር፤ ቱቦው በሶፍ መካከል ሰውን እንዳያደናቅፍ ቦታው ከግድግዳ አጠገብ ይሁን። እዚያው የኤሌክትሪክ ሶኬት ቢኖር ማሽን ይዞ ለሚመጣው የሲሊንደሩን ሰዓት ይቆጥብለታል። ኹጥባን ማሳጠር ሱና መሆኑም እዚህ ላይ ለአንድ ሰው የትንፋሽ ጉዳይ ይሆናል።

ወደ ሩቅ አገር

ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየርም እስከ 2,440 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው አየሩ ሲቀለው፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ግን ተጨማሪ ኦክስጅን ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከጉዞ በፊት መጠየቅ አለበት። አየር መንገዶች በአብዛኛው መንገደኛ የራሱን ሲሊንደር ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ለሚፈቀደው ተንቀሳቃሽ ማሽን ከበረራው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ የሚቆይ ባትሪ ይጠይቃሉ፤ ለ4 ሰዓት በረራ የ6 ሰዓት ባትሪ ማለት ነው። በደቂቃ ብዙ ሊትር ለሚወስድ ሰው ይህ ማሽን አይበቃውምና ቲኬት ሳይቆረጥ ከአየር መንገዱ ጋር መነጋገር ያሻል።

በመንገድ ላይ የሙሳፊር ቀስር አለለት። ሁለት ሶላትን በሕመም ምክንያት ማጣመርን ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ፤ በሻፊዒ መዝሀብ የታወቀው አቋም ይህን ባይቀበልም ኢማም አን-ነወዊ ፈቃዱን ጠንካራ አድርገው መርጠዋል። መምህራን ይህን ልዩነት ቢያስረዱ ሕመምተኛው ሲሊንደሩ እያለቀበት አይጨነቅም።

ሐጅን በተመለከተ መለኪያው መቻል ነው። የኸሥዓም ነገድ ሴት በግመል ላይ መቀመጥ ስለማይችለው አባቷ ስትጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐጅ እንድታደርግለት ፈቅደውላታል። ስለዚህ ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ገንዘብ ያለው ሕመምተኛ ሰው ሊወክል ይችላል፤ መዳኑ ተስፋ የሚደረግለት ግን ይጠብቃል። ሐኪም የፈቀደለትና ዝግጅቱ የተሟላለት ሰው ደግሞ በማሽኑ ምክንያት ብቻ «አትችልም» ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ ኢማሙ ከመመለሱ በፊት አምስት ነገሮችን ቢጠይቅ እንመክራለን፦ በደቂቃ ስንት ሊትር? የያዝከው ለስንት ሰዓት ይበቃል? ቢያልቅ ወይም መብራት ቢጠፋ መጠባበቂያህ ምንድን ነው? አብሮህ የሚሄደው ማን ነው? ሐኪምህስ ምን አለ? መልሶቹን ሰምቶ «ቅር» የሚልም ሆነ «ና» የሚል ኢማም ያን ጊዜ ፈትዋው በዕውቀት ላይ የቆመ ይሆናል። ቅር ካለም ጀማዓው ወደ ሕመምተኛው ቤት ይሂድ፤ የታመመን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ ነውና። ወላሁ አዕለም።