የምድር ውስጥ ባቡር የመረጃ ሰሌዳዎች የሚሳሳቱበት ምክንያት

በኒውዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡሮች ላይ የተገጠሙ የኤሌክትሮኒክስ መረጃ ሰሌዳዎች አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተ የጣቢያ ስም የሚያሳዩት በመሣሪያ ብልሽት ብቻ አይደለም።

የሳተላይት ምልክት ከመሬት በታች ስለማይደርስ፣ መሰል ሰሌዳዎች ባቡሩ የሚገኝበትን ቦታ በአብዛኛው የሚያሰሉት በጉዞው መነሻ ከተመዘገበላቸው መስመርና ከመንኮራኩሩ ዙር በመነሳት ነው። ባቡሩ በሐዲድ ጥገና ሳቢያ መስመር ሲቀይር ምዝገባው ካልተስተካከለ፣ ስህተቱ ከጣቢያ ጣቢያ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አገልግሎት የጀመሩት «አር 142» ባቡሮች የጣቢያዎች ስም የታተመበትና በትንንሽ መብራቶች የሚያመለክት ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው ለአንድ መስመር ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ባቡሩ በሌላ መስመር ሲሰማራ መብራቱ እንዲጠፋ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመሩት «አር 160» ባቡሮች ግን ቀጣዮቹን አሥር ጣቢያዎች በሚለዋወጥ ጽሑፍ ስለሚያሳዩ፣ መስመር ሲቀየርም ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ሰሌዳው ሲሳሳት የባቡሩ ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ እርማት ሊሰጥ ይችላል። እርማቱ ግን መስማት ለተሳናቸው መንገደኞች አይደርስም። ለእነርሱ የሚቀረው አስተማማኝ መረጃ በየጣቢያው ግድግዳና ምሰሶ ላይ የተጻፈው ስም ነው።