ማቀዝቀዣም የማዋለጃ ዕቃ ነው

«የገጠር እናት የምትሞተው ጤና ተቋም አልሄድ ብላ ነው» የሚለው አባባል ዛሬም በዜናውም በስብሰባውም ይደጋገማል። ስህተት ነው፤ ጥፋቱንም ሟቿ ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2019 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ 48 ደርሷል። እናቶች በእግራቸውም በቃሬዛም በአምቡላንስም እየመጡ ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ከመጡ በኋላ ምን እንደሚጠብቃቸው ነው።

ስለ መንገዱ፣ ስለ አምቡላንሱና ስለ ሐኪም እጥረቱ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ሙያዬ ፋርማሲ ነውና የማተኩረው በአንዲት የመድኃኒት አምፑል ላይ ነው።

በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊሊትር ደም ይሄዳል። ሕፃኑ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ይህን ደም ያመላልሱ የነበሩት የደም ሥሮች አፋቸው እንደተከፈተ ይቀራል። የደም መርጋት ብቻውን ይህን ጎርፍ አያቆመውም። ዋናው ሥራ የማሕፀን ጡንቻ ነው። የጡንቻው ክሮች እንደ አልጋ ጠፍር ወዲያና ወዲህ ተጠላልፈዋል፤ የደም ሥሮቹ የሚያልፉት በክሮቹ መካከል ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ክሮቹ የደም ሥሮቹን አንቀው ይዘጓቸዋል። ሳይኮማተር ሲቀር ግን ደሙ መፍሰሱን ይቀጥላል። ከወሊድ በኋላ ከሚደርሰው ከባድ የደም መፍሰስ 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጤነኛ ሆና የመጣች እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከብዙ ጤና ጣቢያዎች ተነስቶ ቀዶ ሕክምናና ደም ያለው ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይበቃም። ስለዚህ ዕጣዋ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው።

ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያዘው ኦክሲቶሲን ነው። ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሕፃኑ እንደተወለደ አዋላጇ 10 ዩኒት ትወጋለች፤ ማሕፀኑም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል።

ችግሩ ያለው በመድኃኒቱ አፈጣጠር ላይ ነው። ኦክሲቶሲን የዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በማሕፀን ጡንቻ ላይ ያለው ተቀባይ የሚያውቀው ይህ ሰንሰለት ቅርፁን እስከጠበቀ ድረስ ብቻ ነው። ሙቀት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ለዚህ ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት። በሁመራ፣ በመተማና በአፋር በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የደከመው አምፑል ደግሞ ምልክት አያሳይም፤ ፈሳሹ እንደ አዲሱ ጥርት እንዳለ ይቆያል። አዋላጇ በሥርዓቱ ትወጋለች፣ ትጠብቃለች፣ ማሕፀኑ ግን እንደላላ ነው። ጥፋቱ የእርሷም የእናቲቱም አይደለም።

«ጤና ጣቢያው እኮ ማቀዝቀዣ አለው» የሚል ይኖራል። በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ ግን ማቀዝቀዣው የክትባት ነው፣ ቁልፉም በክትባት ባለሙያዋ እጅ ነው። ሌሊት ለሚመጣ ምጥ ሲባል ኦክሲቶሲን ማዋለጃ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይከርማል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ያወጡት መግለጫ ኦክሲቶሲን ከክትባት ጋር በአንድ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ሊቀመጥ እንደሚችል ተናግሯል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሙያችን ውስጥም ክርክር አለ። በልዩ ልዩ አገሮች ተመርምረው ከደረጃ በታች የተገኙ የኦክሲቶሲን ናሙናዎች ሁሉ በሙቀት የተበላሹ አይደሉም፤ ከፋብሪካው ጀምሮ ጉድለት የነበረባቸው አሉ። ከሞቱት እናቶች ምን ያህሉ በደከመ መድኃኒት እንደሞቱ ለይቶ መናገር ከባድ ነው፤ የደም እጥረትና የዘገየ ሪፈር እዚያው አብረው አሉና። የእንግዴ ልጅ ሲቀር ወይም ማሕፀን ሲቀደድ ደግሞ ጥሩ ኦክሲቶሲንም ብቻውን አያድንም። ከሁሉ በላይ፣ ይህን ያነበበች እናት መርፌውን እንዳትፈራ። ለጥቂት ሰዓታት ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ አምፑል በአንዴ አይሞትም፤ መወጋት ካለመወጋት እጅግ ይሻላል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው፣ በ10 አገሮች 30,000 ያህል ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታይቷል፤ በ30 ዲግሪም ለሦስት ዓመት ይቆያል። በዚያ ጥናት የተፈተነው ግን ለመከላከል እንጂ የጀመረን ደም ለማቆም አይደለምና ኦክሲቶሲንን አያስቀርም። የሚዋጠው ሚሶፕሮስቶልም ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ አቅሙ ግን ከኦክሲቶሲን ያንሳል።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጤና ጣቢያን ሲገመግም «ስንት እናቶች ወለዱ?» ብሎ ብቻ አይብቃው። ኦክሲቶሲኑ የት ተቀመጠ? መብራት በጠፋ ጊዜ ማቀዝቀዣው በምን ይሠራል? ሌሊት ቁልፉ በማን እጅ ነው? እነዚህን የሚጠይቅ ኃላፊ የእናቶችን ሞት በእርግጥ እየተዋጋ ነው። እናቶችን «ኑ» ብለን የጠራነው እኛ ነን፤ ለመጡት ደግሞ የሚሠራ መድኃኒት ማቆየት ግዴታችን ነው።